ከውስጥ የማይከፈት በር

የራሴን ለቅሶ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማን ከልቡ እንዳለቀሰ፣ ማን ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ወሬ እንደያዘ፣ ማን «ተገላገለች» እንዳለ አውቃለሁ። ይህን ሳወራ ግማሹ ሰው ይስቃል፣ ግማሹ ያማትባል። እናንተ ሁለቱንም ብታደርጉ አልቀየምም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ስሜ ይታይሽ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል እሠራለሁ። የዛሬ ሰባት ዓመት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ተገለበጠና ወገቤን ተመታሁ። ከዚያ ወዲህ የምሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ነው።

ቢሮዬ ውስጥ እንደ ማንም ሰው ነኝ። ፋይል እፈልጋለሁ፣ ከአለቃዬ ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ ያረፈደውን እሰድባለሁ። ታክሲ ፊት ስደርስ ግን ዕቃ እሆናለሁ። ባጃጅ ከሆነ አንዱ በብብቴ አንዱ በእግሬ ይዘው ያስገቡኛል፤ ወንበሬን ጣሪያው ላይ በገመድ ይጠፍሩታል። ወደ ቡሬ የሚሄደው ሚኒባስ ከሆነ ደግሞ «እሷን ከኋላ አስገቧት፣ ወንበሯን ላይ ስቀሉት» ይባባላሉ። ልብ በሉ፤ እኔን የሚጠይቅ የለም። ሌላው ተሳፋሪ መውረጃው ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ብሎ ያስቆማል። እኔ ያን ቃል ከአፌ ካወጣሁት ዓመታት አልፈው ነበር። አጠገቤ ያለው ሰው ነው «ኧረ ይቺ ልጅ ወራጅ ናት» የሚልልኝ። ከዚያ እንደ ጤፍ ኩንታል ተሸክመው ያወርዱኛል፤ ቀሚሴ የት እንደደረሰ የሚያይልኝም የለም።

እናቴ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የምትኖረው ገጠር ነው፤ ከቡሬ በሽንዲ መንገድ ጥቂት ተሂዶ ወደ ግራ በሚታጠፍ ጥርጊያ መንገድ ዳር። ይህ ነገር የገጠመኝ ጊዜ ወደ እሷ ከሄድኩ ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር። ስትደውልልኝ «ታክሲው አይመችም እማዬ» እላታለሁ። «እሽ ልጀ» ትለኛለች። ውሸት አልነበረም፤ ግን የእውነቱ ግማሽ ብቻ ነበር።

ሌላው ግማሽ ይኸውላችሁ። ከአደጋው በኋላ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ፣ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏት ለአጎቴ ሚስት ለእትዬ ዘርፌ «ያን ጊዜውኑ ወስዷት ቢሆን ይሻላት ነበር» ስትል ሰማኋት። ዓይኔን አልገለጥኩም። በኋላም አልጠየቅኋትም። ቃሏን ይዤው ዞርኩ፣ ታክሲውን አሳበብኩ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ጭጋግ ከተማውን አልለቅ ባለበት በአንድ ጠዋት፣ በርበሬ ሊሸጥ የመጣ የሰፈራችን ሰው ቢሮዬ ድረስ መጣ። ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ቆመ።

«እናትሽ ልቧን አሟታል። ከተኛች አራት ቀኗ ነው» አለኝ።

«ለምን አልደወላችሁልኝም?»

«ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። ልጀ ትድረስልኝ ብላለች።»

ያን ያህል ዓመት ስትጠራኝ «ድረሽልኝ» ብላ አታውቅም።

መናኸሪያ ደረስኩ። አንደኛው ሚኒባስ ገና ሲያየኝ «ሞልቷል» አለ፤ ውስጡ ሁለት ሰው ነበር። ሁለተኛው ጣሪያው ላይ ሽንኩርት ስለጫነ ወንበሬ ቦታ የለውም አለ። ሦስተኛው ሾፌር ቅን ሰው ነው፣ አልዋሸኝም።

«አንቺን እንወስድሻለን፤ ወንበሩን ለሌላ ቀን» አለኝ።

«ያለ ወንበሬ እዚያ ምን እሆናለሁ?»

«የአገርሽ ሰው አይጠፋም፤ ይሸከሙሻል።»

አልሳፈርም አልኩ። ሚኒባሱ ጭጋጉ ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ ግን በራሴ ላይ ተናደድኩ። እናቴ ልትሞት ነው፣ እኔ ክብሬን ይዤ መናኸሪያ በር ላይ ቀርቻለሁ። አለቀስኩ።

«ይታይሽ፣ የት ልትሄጂ ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

ጋሽ ምትኩ ናቸው። ድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ስድሳን ተሻግረዋል። አሁን የሚነዱት የሰፈራችን እድሮች በጋራ የያዙትን የአስከሬን መኪና ነው። ጥቁር ነች፤ ጣሪያዋ ላይ ቢጫ መስቀል፣ ጎኗ ላይ «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ አላት። ሳጥን በትከሻ ማንሳት ሽማግሌዎቹን ስላስቸገራቸው የከተማችን ብየዳ ሠራተኛ ከኋላዋ የሚዘረጋ የላሜራ መወጣጫ ሠርቶላታል። ወለሏ ላይ ደግሞ ሳጥኑ ተንሸራትቶ እንዲገባ በሁለት መስመር የሚሽከረከሩ ብረቶች ተገጥመዋል።

የሆነውን ነገርኳቸው። መኪናዋን አዩ፣ ወንበሬን አዩ።

«ዛሬ ቀብር የለም» አሉ በመጨረሻ። «ቡሬ ጋራዥ ልወስዳት ነበር። ወንበርሽ ከነአንቺ ትገባለች። ብትፈሪ ግን አልፈርድብሽም ልጄ።»

«የሳጥን ቦታ አይደል ጋሼ?»

«ሳጥኑ ውስጥ ያለውስ ሰው አይደል?»

መወጣጫውን ዘረጉልኝ። ሊገፉኝ እጃቸውን ሲዘረጉ «እኔ እችላለሁ» አልኳቸው። ጎማዬን በእጄ እየገፋሁ ወጣሁ። ከአደጋው ወዲህ ማንም ሳይነካኝ መኪና ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አታምኑኝም፣ ደስ አለኝ። ጋሽ ምትኩ የወንበሬን ጎማዎች ሳጥን በሚያስሩበት ቀበቶ አሰሩልኝና ወርደው በሩን ዘጉ። የመቀርቀሪያው ድምፅ ከውጭ ቀጭ ሲል ደስታዬ ቀዘቀዘ።

«ከውስጥ አይከፈትም እንዴ?» ብዬ ጮኽኩ።

«ከውስጥ የሚከፍት ተሳፋሪ ገጥሟት አያውቅማ!» አሉኝ ከውጭ።

ውስጧ የቀለጠ ሰም ይሸታል። መስኮቱ ዘርፍ ባለው ጥቁር መጋረጃ ተሸፍኗል። ከጥግ የፕላስቲክ አበባ ተረስቷል፤ ከሥሩ የአንድ ሰው የተበጠሰ መቁጠሪያ። ከሾፌሩ ጋር የሚያገናኘኝ የመዳፍ ስፋት ያላት ቀዳዳ ብቻ ነበረች። ጋሽ ምትኩ መሪ ሲይዙ የሚያወሩ ሰው ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ከእኔ ጋር አልነበረም።

«አይዞህ፣ ይቺ ዳገት ብቻ ናት» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው «ደህና ነህ? ጉድጓድ አለ፣ ቀስ እላለሁ» ይላሉ።

«ደህና ነኝ ጋሼ» አልኩ።

መኪናዋ ጥምዝዝ አለችና ተመለሰች። ደንግጠው ነው።

«ይቅር በይኝ» አሉ። «ዘመኔን ሁሉ ከኋላ መልስ ሰምቼ አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ ለመናገር ፈራሁ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ውጭ ውጭውን ማየት ጀመርኩ። የሚታይ ነገር ግን አልነበረም፤ ነጭ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ የባሕር ዛፍ ግንድ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ማንኩሳን ስናልፍ የተገለበጥንበትን ቦታ እፈልግ ነበር፤ አላየሁትም። ግን መኪናዋ ስትታጠፍ ወገቤ አወቀው። የማይሰማኝ ወገቤ ቀዘቀዘኝ ብላችሁ ሐኪሞች ይስቁብኛል፤ እውነቱ ይኸው ነው።

መንገድ ዳር ያሉ ሰዎች መኪናዋን ሲያዩ ይቆማሉ። ወንዶቹ ኮፍያቸውን ያወርዳሉ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ። አንዲት ጃንጥላ የያዘች ሴት በጣም ቀርባ ስለነበር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። የሰው ነገር ሆኖብኝ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ሰላም አልኳት። ጃንጥላው ከእጇ ወደቀ። በጉልበቷ ጭቃው ላይ ተንበረከከች፤ ጭጋጉ እስኪጋርዳት ድረስ ስታማትብ አያታለሁ።

ቡሬ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። ቡሬን በገበያ ቀን የምታውቁ ጫጫታዋን ታውቃላችሁ። እኛ ከመድረሳችን በፊት ግን ጫጫታው ይጠፋል፤ ዝምታው ከፊታችን እየሄደ መንገድ ያስለቅቅልን ነበር። አንድ ሱቅ ሙዚቃውን አጠፋ። በሬ የሚነዳ ሰው በሬውን አቁሞ እጁን አጣጠፈ። ያ ሁሉ ሕዝብ ለእኔ ቆሞልኛል። በቁሜ ለአንዲት ወንበሬ ቦታ የሚለቅ ሰው አጥቼ ነበር።

ጋሽ ምትኩ ጋራዡ ጋ ሲደርሱ አልቆሙም። «እናትሽ ደጅ አድርሼሽ እመለሳለሁ» አሉኝ።

ጥርጊያው መንገድ መገንጠያ ላይ ጭጋጉ ባሰ። አንድ በትር የያዘ ገበሬ ከነጩ ውስጥ ወጣ። ጋሽ ምትኩ መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ቤት በዚህ ነው?»

ሰውዬው መኪናዋን ከመስቀሏ እስከ ጎማዋ አየ። «አንቱ፣ ምን ሁነው መጡ?» አለ።

«ልጃቸውን ይዤ መጥቼ ነው።»

ገበሬው ጥምጥሙን ከራሱ ላይ አወረደ። «እግዜር ያጥናችሁ» አለ በቀስታ። ከዚያ መንገዱን ትቶ በማሳው መሃል መሮጥ ጀመረ።

እናንተ አሁን ገብቷችኋል። እኔ ግን በዚያች ቀዳዳ የሰማሁት «እግዜር ያጥናችሁ» የሚለውን ነው። እናቱን ሊጠይቅ ለመጣ ሰው እንዲህ የሚባለው እናት ስትሞት ነው። ጋሽ ምትኩም እንደኔው ነው የተረዱት። ማውራታቸውን አቆሙ። ትንሽ ቆይተው «በርዶሻል? ጋቢዬን ልስጥሽ?» አሉኝ። በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ማንም አይነግርህም፣ ሁሉም ድንገት ደግ ይሆንልሃል።

«ደረስኩ ጋሼ ወይስ አልደረስኩም?» አልኳቸው።

«እንደርሳለን ልጄ» አሉ። ያልጠየቅኳቸውን መለሱልኝ።

ከአንዲት ወንዝ በላይ ያለች ረባዳ ላይ መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች። ጋሽ ምትኩ ቢያስነሱም ጎማው እየዞረ ወደ ታች ሰመጠ። ወረዱ። «የሚገፉ ሰዎች ጠርቼ ልምጣ፤ በሩን ልክፈትልሽ?» ሲሉኝ፣ መወጣጫው ቢዘረጋ ጭቃ ውስጥ ስለሚገባና ካፊያ ስለነበረ «ይዘጋ» አልኳቸው። የእግራቸው ድምፅ ራቀ። ከዚያ ምንም የለም።

እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። ከዚያ ከሥሬ አንዱ ተሽከርካሪ ብረት ዞረ። መኪናዋ ቆማለች፣ እኔ አልተነቃነቅኩም፣ ወንበሬ ታስሯል። ብረቱ ግን ቀስ ብሎ ዞረ፤ ቆመ፤ እንደገና ዞረ። አንድ ሰው ከአጠገቤ ቦታ እየያዘ ይመስል ነበር። ጋሽ ምትኩ እስከ ዛሬ «ላልቶ ነው» ይላሉ። ይሁን።

«ማን ነው?» አልኩ። መልስ ከውጭ መጣ፤ ጥሩንባ ነበር።

የለቅሶ ጥሩንባ ነው፤ ረዥም፣ የሚሰበር። ከጥሩንባው በኋላ የጥሪ ድምፅ ተከተለ። ነፋሱ ግማሹን እየበላ ያመጣልኝ ነበር።

«ያልሰማህ ስማ! … ማንጠግቦሽ … ዐርፋለችና … ውጣ!»

ከዚያው አቅጣጫ «እግዚኦ መሐረነ» የሚሉ የካህናት ድምፆች መጡ። ፍትሐት መሰለኝ። ሌላ ምን ይምሰለኝ? እናቴ ሞታለች፤ በአንድ ሰዓት፣ ምናልባትም በግማሽ ሰዓት ቀድማኛለች። ሦስት ዓመት በታክሲ አሳብቤ፣ ታክሲ ያገኘሁ ቀን ቀብሯ ላይ ደረስኩ። ራሴን ጥቁሩ መጋረጃ ላይ ደግፌ አለቀስኩ።

ለቅሶው በጭጋጉ ውስጥ እየቀረበ መጣ። መጀመሪያ የሴቶች ጩኸት፣ ቀጥሎ በጭቃ ላይ የሚሮጥ ብዙ እግር። ነጫጭ ጥላዎች መኪናዋን ከበቧት። አንድ መዳፍ መስታወቱን መታ፣ ሌላ መዳፍ ተከተለ፤ መኪናዋ መወዛወዝ ጀመረች። ሊያጽናኑኝ የመጡ መሰለኝ። «ይታይሽ! ወየው ይታይሽ!» ሲሉ «አቤት» ልል አፌን ከፈትኩ።

«ምነው በቁሟ ሳናያት!» አለ አንድ የወንድ ድምፅ።

«በአፍላነቷ ተሰብራ፣ በአፍላነቷ ሄደች!» አለች ሌላዋ።

አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። የሚያለቅሱት ለእኔ ነው።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበር ልናገርና ሳቁብኝ፤ እውነት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ጃንጥላ የጣለችውን ሴት አስታወስኩ። የገበያውን ዝምታ አስታወስኩ። የማንኩሳውን መታጠፊያ አስታወስኩና ምናልባት ከዚያ ያልወጣሁ ብሆንስ አልኩ። ጉንጬን ቆነጠጥኩት። አመመኝ፤ ግን የሞተ ሰው እንዳያመው ማን ያውቃል?

ከዚያ ከበሩ ሥር የእትዬ ዘርፌን ድምፅ ለየሁት። አላለቀሰችም፤ ለጎረቤቷ ነበር የምትናገረው።

«ተገላገለች እንግዲህ። ለራሷም ለናቷም እረፍት ነው።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች ያቺኛዋ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ዝም ያልኩት መናገር አቅቶኝ ብቻ አይደለም። እናቴ በሕይወት ካለች ምን እንደምትል መስማት ፈልጌ ነበር። ሦስት ዓመት ያልጠየቅኩትን ጥያቄ ያለ እኔ ጠያቂነት ሊመለስልኝ ነው። ልቧ የታመመ እናት ውጭ እያለቀሰች ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ትንፋሼን ውጬ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። እስከ ዛሬ ከሚያሳፍሩኝ ነገሮች የመጀመሪያው ይህ ነው።

«ያዟት! ኧረ ትቀመጥ፣ ልቧ ነው!» አሉ ከኋላ።

«ልቀቁኝ።»

የእናቴ ድምፅ ነበር። ቀጥኗል እንጂ አልሞተም።

«ማናት ተገላገለች ያለች?» አለች። «አንች ነሽ ዘርፌ? ምኑን ነው የተገላገለችው? ልጀ ሰምታኝ ነው የቀረችብኝ። ሆስፒታል ያን ቃል ስናገር ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ሽፋሽፍቷ ሲርገበገብ አይቻለሁ። አየሁና ዝም አልሁ። ታክሲው አይመችም ስትለኝ እሽ አልኋት። ምነው ውሸትሽን ነው ባልኋት! ምነው ሂጀ በጀርባየ አዝየ ባመጣኋት! አፌን በዘጋው! ስቃይዋን አይቸ እንጅ እሷን ጠልቸ ነወይ? ይታይሽየ፣ ሳልነግርሽ… ሳልነግርሽ…»

ትንፋሿ ተቆረጠ። «ውኃ! ውኃ አምጡ!» ሲሉ ሰማሁ።

መጮኽ ነበረብኝ። «እማዬ» ማለት ነበረብኝ። ድምፄ ግን እምቢ አለኝ። በሩን በቡጢ መታሁ፤ እነሱም ከውጭ ይመቱ ስለነበር የሚለየኝ አልነበረም። ታገልኩ፣ ታገልኩና አንድ ቃል ወጣ። ከሰው ሁሉ ቃል ያ ለምን እንደወጣ አላውቅም፤ ምናልባት ከሁሉም በላይ ታፍኖ የኖረው እሱ ስለነበር ይሆናል።

«ወራጅ አለ!»

መዳፎቹ ከመስታወቱ ላይ ተነሱ።

«ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!» አልኩ እየደጋገምኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሽሽት ነው። ሴቶቹ ጮኹ፤ የቀድሞው ጩኸት አልነበረም። እትዬ ዘርፌ ጫማዋን ጭቃው ውስጥ ትታ እንደሮጠች በኋላ አይቻለሁ። የቀሩት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱም አንድ ሽማግሌ ቄስ መስቀላቸውን ወደ መስታወቱ ዘረጉ።

«በስመ ሥላሴ! ምድራዊት ከሆንሽ ተናገሪ፤ ሌላ ከሆንሽ ወደ ቦታሽ ተመለሽ!»

«ምድራዊት ነኝ አባቴ! በሩ ከውስጥ አይከፈትም!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። «ክፈቱላት» አለች እናቴ።

«እሜቴ ማንጠግቦሽ፣ ይተውት፤ ሙት አይናገርም። ይኸ ሌላ ነው» አላት አንዱ።

«ሙትም ብትሆን ልጀ ናት። ወራጅ አለ ስትል አትሰሙም?»

የሚከፍት ጠፋ። የእናቴን እግር በጭቃው ውስጥ ሰማሁ፤ አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት፣ አንድ እርምጃ። መቀርቀሪያውን ስትደባብስ ብዙ ቆየች። ቀጭ አለ። መወጣጫው ጭቃው ላይ ወድቆ ተዘረጋ፤ ነጩ ጭጋግ ወደ ውስጥ ገባ። መወጣጫው ግርጌ እናቴ ቆማለች። ግንባሯ በዘይት ወዝቷል፤ የጧፍ ጭላጭ በግራ እጇ ይዛለች። እኔ እሷን ሞታለች ብዬ የነበርኩ፣ እሷ እኔን ሞታለች ያለች፣ ተያየን።

ቀበቶውን ፈታሁ። ጎማውን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ እያልኩ ወረድኩ። የሚረዳኝ አልነበረም፤ ሁሉም ፈርቶኛል። በራሴ እጅ ከመኪና ስወርድም የመጀመሪያዬ ነበር።

እናቴ ጧፉን ጥላ እጄን ያዘች፤ አገላበጠችው። «ይሞቃል» አለች። ወደ ሰዎቹ ዞራ «እጇ ይሞቃል!» ብላ ጮኸች።

«እማዬ፣ ሞተሻል ብለው ጥሩንባ ነፉ እኮ።»

«ላንች ነው የተነፋው።»

ነገሩ ቀስ እያለ ተፈታ። ካህናቱ የመጡት ለታመመችው እናቴ ቀንዲል ሊያነቡላት፣ ዘይት ሊቀቧት ነበር፤ እኔ ፍትሐት ያልኩት እሱ ነው። ያ ገበሬ «የማንጠግቦሽ ልጅ ዐርፋ በአስከሬን መኪና መጣች» ብሎ ጸሎቱ መሃል ገባ። ጥሩንባ ነፊው የጠራው «የማንጠግቦሽ ልጅ ዐርፋለችና» ብሎ ነበር፤ «ልጅ» የምትለዋን አንዲት ቃል ነፋስ ወሰዳት። በዚያች ቃል መጥፋት እናቴን ገደልኳት።

ይህን እየተነጋገርን ሳለ ጋሽ ምትኩ ሁለት ሰውና ገመድ ይዘው በላይኛው መንገድ ደረሱ። ጭጋጉ አሳስቷቸው ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው በቀጥታ ወደ እናቴ ሄዱና አንገታቸውን ደፉ።

«እግዜር ያጥናችሁ እናቴ። ለሟች ምናቸው ኖት?»

«ሟች እኔው ነኝ» አለቻቸው እናቴ። ሳቀች፤ ስትስቅ ልቧን ይዛ ተቀመጠች፤ ሁላችንም ደንግጠን ከበብናት። አልሞተችም። ዘይቱ ይሁን፣ ሳቁ ይሁን፣ ከሳምንት በኋላ ቡሬ ያያት ሐኪም የሰጣት መድኃኒት ይሁን፣ ተነሳች።

አንድ ሳምንት አብሬያት ሰነበትኩ። ሁለተኛው ቀን ላይ «ሰምቼሽ ነበር እማዬ» አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እሄድ ነበር።

እትዬ ዘርፌን ግን ይቅር ለማለት ጊዜ ወስዶብኛል። ብዙ ሰው ስለ እኔ የሚያስበውን አፍ አውጥታ የተናገረች እሷ ነች። ዛሬም ታክሲ ላይ ሲጭኑኝና ሲያወርዱኝ የማይጠይቁኝ ሰዎች ክፉ አይደሉም። ልባቸው ውስጥ የተገላገለች ሴት ስለሆንኩ ነው፤ የተገላገለ ሰው አስተያየት አይጠየቅም። እናንተ አንባቢዎቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወንበር ላይ ያለ ሰው ታክሲ ሲጠብቅ ብታዩ፣ ከማንሳታችሁ በፊት «ወዴት ነህ? እንዴት ልያዝህ?» በሉት። ከዚህ የበለጠ አልለምናችሁም።

ያ ብየዳ ሠራተኛ ታሪኩን ሰምቶ ሲስቅ ከርሞ፣ ለአንዲት ባጃጅ ተመሳሳይ መወጣጫ ሠራ፤ የኋላ ወንበሯን ነቅሎ ወለሏን አስተካከለ። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በእሷ የምንመላለስ ጥቂት ሰዎች አለን። በሯ ከውስጥ እንዲከፈት አስምዬዋለሁ።

እናቴ ያረፈችው ባለፈው ጥር ነው፤ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ፍኖተ ሰላም እኔው ቤት፣ እጇን ይዤላት። ወደ አገሯ የወሰድናት በዚያችው መኪና ነበር። ሰዎቹ ከፊት ግቢ ሲሉኝ እምቢ ብዬ በመወጣጫው ወጣሁና ከሳጥኗ አጠገብ ወንበሬን አሰርኩ። ጭጋግ አልነበረም፤ የጥር ፀሐይ ነበር። ጋሽ ምትኩ መንገዱን ሙሉ «አይዞሽ፣ ይቺ ዳገት ብቻ ናት» ሲሉ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቆሙ። እንደ ልማዳቸው ወደ ኋላ ሳይዞሩ «ደርሰናል እንግዲህ» አሉ።

መዳፌን ሳጥኗ ላይ አሳረፍኩ። እሷ ያን ቀን ሁሉም ሲሸሽ ሰምታልኛለች፤ አሁን የእኔ ተራ ነው።

«ወራጅ አለ» አልኩላት።